አብሽር ማነው?

እንደ ሙዓዝ ያለ ደረቅ ሰው አይቼ አላውቅም። የሐይቅ ከተማን የኳስ ሜዳ ለማሳደስ ኮሚቴ ስናቋቁም እኔ መጀመሪያ የጎል መረብና መቀመጫ ይገዛ አልኩ። እሱ ደግሞ መጀመሪያ ቦይ ይቆፈር ብሎ ሙጭጭ አለ። በእርግጥ ክረምት በመጣ ቁጥር ከአስፋልቱ የሚወርደው ጎርፍ ሜዳውን ረግረግ ያደርገዋል፤ አልክድም። ግን መረብ የሌለው ጎል ምኑ ጎል ነው? ጸጉር ቤቴ ድረስ እየመጣ፣ ደንበኛዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መቀስ በእጄ ይዤ ሳይቀር ተጨቃጭቀናል።

ሰብሳቢያችን ሼህ ሀሚዱ ለሙዓዝ ፈረዱለት። ገንዘቡን የላኩት ጅዳና ኩዌት የሚሠሩ የከተማችን ልጆች ነበሩ። እነሱን ያስተባበረችው ከኩዌት የተመለሰችው የሙዓዝ እህት ሱረያ ናት፤ እሷም ከወንድሟ ጎን ቆመች። ተሸነፍኩና አካፋዬን ይዤ ወጣሁ። በደቦ ሆነን በአስፋልቱ ጎን እስከ ወገብ የሚደርስ ቦይ ቆፈርን፤ አፈሩንም በመንገዱ በኩል ከመርነው። ከሩቅ ሲያዩት ምን እንደሚመስል አንዳችንም አላሰብንም። ጅሎች!

መቀመጫው ሳይሠራ ጦርነቱ ደረሰብን። ታጣቂዎቹ ከተማዋን በያዙ ማግስት፣ ረፋዱ ላይ፣ የኮሚቴውን ሰዎች ከየቤታችን እየጎተቱ ሜዳው ላይ አንበረከኩን። አዛዣቸው አማርኛ ይችላል፤ የኛን የወሎዎችን አነጋገር ግን አያውቅም።

«ይሄን ምሽግ ማን አስቆፈራችሁ?» አለ።

«ምሽግ አይደለም የኔ ልጅ፣ የውሃ ቦይ ነው» አሉ ሼህ ሀሚዱ።

አንዱ ታጣቂ በሰደፍ አፋቸውን አላቸው። ጥርሳቸው ከነደሙ ጋቢያቸው ላይ ወደቀ። እኚያን የመሰሉ ሽማግሌ! እጄ ሣር ጨብጦ ቀረ።

ከዚያ ስልካችንን ሰብስበው ይፈትሹ ጀመር። በሙዓዝ ስልክ ላይ ጅዳ ያለው ጓደኛው ካሊድ ከወራት በፊት የላከው የድምፅ መልእክት ተገኘ። አዛዡ ለሁላችንም ከፍቶ አሰማን። «ሙዓዜ፣ አብሽር! ብሩ ገብቷል። ቁፋሮውን ቀጥሉ፣ አብሽር!»

አዛዡ ስልኩን አጠፋው። «አብሽር ማነው?»

ሳቅ አመለጠኝ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ! በከስክስ ጫማው ጎኔን ሲረግጠኝ አጥንቴ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ትንፋሼ እስኪመለስ ድረስ ሙዓዝ፣ አብሽር ሰው ሳይሆን ቃል ነው፣ እኛ አገር ሁሉም ይለዋል እያለ ይምል ነበር።

«ጥሩ» አለ አዛዡ። «ቃል ከሆነ ትርጉም አለው። የሁላችሁም መልስ ይገጥማል።»

አንድ በአንድ ወደ ጎሉ ጀርባ እየወሰደ ጠየቀን። እኔ ማተብ ያሰርኩ ክርስቲያን ብሆንም ቃሉን በቀን ስንቴ እለዋለሁ። ደንበኛዬ ከጎን አሳጥርልኝ ሲለኝ «አብሽር» ነው መልሴ። ስለዚህ «እሺ፣ ችግር የለም ማለት ነው» አልኩት። ሼህ ሀሚዱ የሚሉት ላዘነ ሰው ነው፤ በተሰበረ አፋቸው «አይዞህ» ብለው ፈቱለት። ሙዓዝ ግን ኳስ ተጫዋች ነው፤ «በርታ ማለት ነው» አለ። ሦስታችንም እውነታችንን ነበር።

አዛዡ ተመልሶ የየራሳችንን መልስ ደገመልን። «እሺ፣ አይዞህ፣ በርታ። ለውሸት እንኳ ሳትስማሙ መቅረታችሁ!»

ሙዓዝን ነጥሎ ቦዩ አፍ ላይ አቆመው። ሱረያ የደረሰችው ይሄኔ ነው። ሻርፗ ከራሷ ወርዶ፣ «ወንድሜን! በአላህ ወንድሜን!» እያለች በታጣቂዎቹ መሃል ጥሳ ገባች። አዛዡ ክንዷን ያዘና ጠመንጃውን በሙዓዝ ግንባር ላይ ደገነ።

«አብሽር ምን ማለት ነው? ከወንድምሽ መልስ ጋር ከገጠመ ይዘሽው ትሄጃለሽ።»

ሙዓዝ ክንዱን አጥፎ ጡንቻውን ሊያሳያት ሞከረ። አንዱ ታጣቂ ክንዱን በሰደፍ መታው፤ ክንዱ ተንጠለጠለ። እኔ አፌን ስከፍት አፈሙዝ ጥርሴ ላይ ተሰካ። በልቤ «በርታ በይ፣ ሱረያ፣ በርታ በይ» እላለሁ። ሱረያ ኩዌት ብዙ ዓመት ኖራለች፤ አረብኛዋ የጠራ ነው። ወንድሟን የሚያድነው ትክክለኛው ትርጉም መስሏት በደንብ አስባ መለሰች።

«አረብኛ ነው። የምስራች ማለት ነው።»

አዛዡ ተኮሰ። ሙዓዝ በጀርባው ቦዩ ውስጥ ወደቀ። ሱረያ የጋለውን አፈሙዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ስትታገል መዳፏ ተላጠ። በእርግጫ ብለው ከጣሏት በኋላም ወደ ቦዩ ተሳበች። ደጋግመው ደበደቧት። ሬሳውን ያነሳነው ሲሄዱልን ነው።

ታጣቂዎቹ ከተማዋን ለቀው ከወጡ በኋላ ሱረያ በየሰዉ በር መዞር ጀመረች። ሙዓዝ ለአዛዡ ምን ብሎ እንደመለሰ ነው የምትጠይቀው። ሼህ ሀሚዱ አልሰማሁም ብለው ሸኟት። አንድ ቀን እኔ ጸጉር ቤት ገባች። መዳፏ ገና በጨርቅ ተጠቅልሏል። የማስተካክለውን ሰው ጸጉር ሳልጨርስ ይቅርታ ጠይቄ አስወጣሁት።

«ታረቀኝ» አለችኝ። «ሙዓዝም የምስራች ነው ያለው፣ አይደል? ገጥሞ ነበር፣ አይደል? ቢገጥምም መግደላቸው አይቀርም ነበር።»

«አዎ፣ የምስራች ነው ያለው» አልኳት።

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ወሬ ስፈጥር ፊቴ እንደሚያስታውቅብኝ ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቃለች።

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አልኳት።