እንጨት ነው የተባለው ሙዝ

ተመራማሪዋ ስድሳውን ቅጽ ለሦስተኛ ጊዜ አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ሙዙን እንዴት አገኙት?» ለሚለው ጥያቄ ቅጽ አርባ ሁለት «ደረቅ ነው» ይላል። ቅጽ አርባ ሦስት «እንጨት ነው» ይላል። አርባ አራተኛው ደግሞ ምንም ሳይጽፍ ማገዶ ስሎ መልሶላታል።

«እኔን የሚገርመኝ» አለች በር ላይ ቆሞ ቁልፍ ለሚያሽከረክረው ሾፌር፣ «እዚህ ስንቀቅለው እንደ ቅቤ ነው የሚቀልጠው። እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ጥርስ ነው ያላቸው?»

«ዶክተር፣ ሰው ይዋሻል፤ ጥርስ ግን ሲዋሽ አላየሁም።»

በዚያ ከተማ የሰዉ ምሳም እራትም ሙዝ ነው። አረንጓዴውን ልጦ ይቀቅልና ይበላል። ሆድ ይሞላል፤ ለዓይንና ለሕፃናት ጤና የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኤ ግን እምብዛም የለውም። እሷ ዘጠኝ ዓመት ስታዳቅል የኖረችው ሙዝ ይህ ቫይታሚን የሞላበት ነው። ውስጡ ነጭ አይደለም፤ ሲላጥ ጀምሮ ደማቅ ቢጫ ነው። ከስድሳዎቹ ቤቶች ቢያንስ ሠላሳ ስድስቱ «ደግመን እንበላዋለን» ካላሉ፣ ሐሙስ የሚሰበሰበው የመሥሪያ ቤቷ ኮሚቴ የሙከራ ማሳው ላይ ያሉትን አራት መቶ ተክሎች ያስነቅላል። እንበላዋለን ያሉት አስራ አንድ ናቸው። ቀኑ ደግሞ ማክሰኞ ነው።

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ሚዛን» ነው የሚሏት፤ የሻይዋን ስኳር ሳይቀር ትመዝናለች እየተባለ ይቀለድባታል። ስለዚህ ጥፋቱ ከሷ ሊሆን እንደማይችል እርግጠኛ ነበረች። ሙዙን ባደለችበት በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ በትልቁ የተጻፈ ወረቀት ከታለች፦ አርባ ደቂቃ ይቀቀል። ከዚህ በላይ ምን ይደረግ? አጉርሳ አታኝክላቸው!

«ተነሥ» አለችው ሾፌሩን። «አርባ ሦስት ቁጥር ጋ እንሂድ።»

አርባ ሦስት ቁጥር ልብስ ሰፊ ናቸው። መኖሪያቸውም መሥሪያቸውም አንድ ክፍል ነው፤ ከፊት የስፌት መኪናቸውና ክር የተበተነበት ጠረጴዛ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋና ምድጃ። የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘሙ ነበር። ተመራማሪዋ ቅጹን ስታሳያቸው አፋቸው ውስጥ የያዙትን መርፌ አወጡና፣

«እና? እንጨት ነው አልኩ፣ እንጨት ነው» አሏት። «ጠይቀሽኝ እውነቱን ብነግርሽ ልትከስሺኝ መጣሽ?»

«ኧረ እትዬ፣ እኔ እንዴት እንደቀቀሉት ለማወቅ ነው። ወረቀቱን አንብበውታል?»

«የቱን ወረቀት?»

ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ነበር። በጀርባው የአንዲት ደንበኛ የደረትና የወገብ ልክ ተጽፎበታል።

«ጥሩ ወረቀት ነው፤ ወፍራም» አሉ ልብስ ሰፊዋ። ሾፌሩ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ተመራማሪዋ ንዴቷን ውጣ ሦስት ፍሬ አቀረበች። «እባክዎ አሁን ይቀቅሉልኝ። እኔ እንደሌለሁ ሆነው፣ እንደልማድዎ።»

«እንግዳ ተቀምጦ እንደሌለ? በይ እሺ።»

ላጡ፣ ቆራረጡ፣ ጣዱ፣ ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ተመራማሪዋ ሰዓቷን እያየች ጻፈች። ውሃው በስድስተኛው ደቂቃ ፈላ። በአስራ አራተኛው ልብስ ሰፊዋ ተነሥተው ክዳኑን ከፈቱ፣ አንገታቸውን አስግገው አዩ፣ ምድጃውን አጠፉ።

«ምን አደረጉ?»

«አወጣሁት። በስሏል።»

«እትዬ፣ ገና አስራ አራት ደቂቃ ነው!»

«ልጄ፣ ድስት ሰዓት ያስራል እንዴ? ዓይን የለሽም? ይኸው ቢጫ ሆኗል! ሙዝ ነጭ ሆኖ ይገባል፣ ቢጫ ሲሆን በስሏል ማለት ነው። እናትሽ ይህን ሳትነግርሽ ነው ዶክተር ያደረገችሽ?»

ተመራማሪዋ አንድ ቁራጭ አንሥታ ነከሰች። እንጨት ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምትቀቅለው በሰዓት እየቆጠረች ነበር፤ ድስት ውስጥ አይታ አታውቅም። ቤቷም ምግብ የሚያበስለው ባሏ ነው። ከተማው በሙሉ መብሰሉን የሚያውቀው በቀለሙ ነው፤ እሷ ደግሞ ከመጣዱ በፊት የበሰለ የሚመስል ሙዝ ሠርታ፣ ወረቀት አያይዛ አደለች። መኪና ውስጥ ገብታ በሩን ሁለት ጊዜ ዘጋችው፤ ክፍት ስለነበረ አይደለም።

«የማን ጥፋት ነው?» አላት ሾፌሩ።

«ዝም ብለህ ንዳ።»

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት። ታዲያ አስራ አንዱ ለምን ወደዱት? ቢሮ ገብታ ለእያንዳንዳቸው ደወለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሙዙን የቀቀሉ ዕለት ድስቱን ረስተውት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ቀላል አይደለም። አንዷ «ባለቤቴ ነው ይህን ያወራልሽ?» ብላ ዘጋችባት። አንዱ ጎረቤቱ ጋ ዳማ ሲጫወት ነበር። አንዷ ከእህቷ ጋር በስልክ ሲያወሩ ውሃው ሊያልቅ ደርሶ ነበር። በመጨረሻ ዘጠኙ አመኑ። የወደዱት ዝርክርኮቹ ናቸው፤ ጠንቃቆቹ በሙሉ እንጨት በሉ።

ሐሙስ ስብሰባው ላይ ይህንን ስታስረዳ ሰብሳቢው እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኩ ሰሟት።

«ስድሳ ቤት ጠየቅሽ፣ አስራ አንድ አገኘሽ» አሉ። «ሰው አልወደደውም። የቀረው ተረት ነው።»

«ጋሼ፣ አልወደዱትም ሳይሆን አልበሰለላቸውም።»

«ሙዝ መቀቀል የማያውቅ ሰው አለ? እኔ እንኳ ሚስቴን የማስንቅ ነኝ!»

ይህን ስትጠብቅ ነበር። የኤሌክትሪክ ምድጃና ድስት ይዛ መጥታለች። መስኮቱ ሥር ጣደችና፣ «እንግዲያው ሲበስል እርስዎ ይንገሩን» አለች። ሰብሳቢው ሌላ አጀንዳ እያስኬዱ ሁለት ጊዜ ብድግ ብለው ድስቱን አዩ። በሁለተኛው፣ «ደርሷል፣ አውጪ!» አሉ። አስራ ሁለት ደቂቃ ነበር። ለእሳቸው ብቻ በሳህን አወጣችላቸው፤ የቀረውን ከደነች። ሰብሳቢው ነከሱ። ሲያኝኩ ጆሯቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል።

በአርባኛው ደቂቃ ክዳኑን ስትከፍት የመስኖ ክፍል ኃላፊው በሹካ ነካው፤ ሹካው ሰመጠ። ድስቱ ዞሮ ባዶውን ተመለሰ፣ ኃላፊው ጠርዙን እየጠረገ። ሰብሳቢው አልቀመሱም።

«መልካም» አሉ መንጋጋቸውን እያሹ። «ግን ከሙዙ ጋር አንቺም አብረሽ አትሸጪም። ሕዝቡ በዓይኑ ነው የሚቀቅለው።»

«በሹካ ወግቶ እንዲያይ አስተምራለሁ። ስድሳውን ቤት እደግማለሁ።»

«አንድ ወቅት ትደግሚያለሽ። መሬቱ ግን ይፈለጋል። ግማሹ ይነቀል።»

«የትኛው ግማሽ?»

«ያንቺ ነው፤ አንቺ ምረጪ!»

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሠራተኞች አካፋና ገጀራ ይዘው ማሳው ላይ ጠበቋት። ከአራት መቶው ቁጥር ሁለት መቶውን በዕጣ ታወጣለች፤ የተክሎቹን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፋ በጨርቅ ከረጢት አድርጋ ሾፌሩን አስይዛዋለች።

«ኧረ ዶክተር፣ ደካማ ደካማውን ብትነቅይ ምን አለበት?»

«የቀሩት ጥሩዎቹ ብቻ ከሆኑ የሚመጣው ውጤት ውሸት ይሆናል። ያዝልኝ።»

እጇን ከታ የመጀመሪያውን አወጣች። ሃያ ስድስት። ሄደው አዩት፦ የማሳው ትልቁ ግንድ፣ ሁለት ድጋፍ የተደረገለት፣ ዘለላው እስከ ጉልበት የወረደ። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሾፌሩ ከረጢቱን ወደሷ ዘረጋ።

«መልሺው» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሌላ አውጪ። ማን አየ?»

ወረቀቷን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። ፊቷ ቀላ።

«ይነቀል!» ጮኸች፣ ሠራተኞቹ ያጠፉ ይመስል። «ምን ትጠብቃላችሁ? ዘለላውን መጀመሪያ አውርዱት፤ ነገ ለስድስት ቤት ይበቃል።»

ገጀራው እስኪያርፍ አልጠበቀችም። እጇን መልሳ ከረጢቱ ውስጥ ከተተች።