ቀዝቃዛ ጆሮ

ኦሬል ጎህ ሲቀድ ጋጣ ሲገባ፣ ማለቢያውን ከመንካቱ በፊት ጓንቱን አውልቆ፣ ስማቸውን እየጠራ የላሞቹን ጆሮ በየተራ ይዳብስ ነበር። የአንዷ ከቀዘቀዘ ታማለች ብሎ፣ ቁርሱን ትቶ የከብት ሐኪም ይጠራል። ሚስቱ ዶሪስ በሩ ላይ ቆማ፣ "እኔንስ አንድ ቀን እንዲህ ብትዳብሰኝ ምናለበት?" ትለዋለች።

"አንቺማ ቁርስሽን ጥርግ አድርገሽ ትበያለሽ፤ ምን ያሰጋኛል፣ ዶሪዬ!"

አርባ ዓመት በዚችው ቀልድ ሳቁ።

ባለፈው መጋቢት ግን ኦሬል ራሱ ፓንኬኩን ገፋው። "ደክሞኛል" አለ፤ ሌላ ምንም። ዶሪስ ብትለካው ትኩሳት የለውም። እፎይ ብላ ብርድ ልብስ ደረበችለት። አልሻል ብሎት በማግስቱ ሆስፒታል ሲደርሱም ለነርሷ፣ "ትንሽ ደክሞኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ" አላት። ወረፋ ጠበቁ። መድኃኒቱ ሲጀመርለት መሽቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አረፈ። "ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበር" አላት ሐኪሙ። "ትኩሳት ይዞት፣ እያንቀጠቀጠው ቢመጣ ኖሮ ወዲያው በጠረጠርን።" ዶሪስ ጆሮውን የነካችው ስትሰናበተው ነው።

ከዚያ ወዲህ የኦሬል ታናሽ ወንድም ክላይድ ላሞቹን እያለበላት ከረመ። በጥቅምት አንድ ጠዋት፣ አሁን አልቦ የጨረሳትን ላም መልሶ ሊያልብ ሲል አየችው። ቁርስም አልቀመሰ። ምድጃው አጠገብ እንደተቀመጠ እጇን ሰደደች፤ ጆሮው በረዶ ነው።

"ምነው፣ ላም መሰልኩሽ እንዴ?"

"ላም ብትሆንማ ሐኪሙ እስካሁን እዚህ ነበር። ተነስ፣ መኪና ውስጥ ግባ!"

"ትንሽ ደክሞኝ እኮ ነው..."

"ይቺን ቃል እዚህ ቤት ዳግም እንዳልሰማት!"

ሆስፒታል ነርሷ "ምን ይሰማዎታል?" ስትለው፣ መንገዱን ሙሉ ስትጠይቀው የመጣችው ዶሪስ ቀደመችው። "ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ሽንቱን አልሸናም፤ ነገር ይምታታበታል። ሽቦ የቧጨረው እግሩም ቀልቷል። ትኩሳት ባይኖረውም ኢንፌክሽን ይሆናል ብላችሁ እዩት።"

ነርሷ የደም ግፊቱን ለክታ በጣም ዝቅ ብሎ ስታገኘው ሐኪም ልትጠራ ሮጠች። ሰዓት ሳይሞላ መድኃኒቱ በክንዱ ደም ሥር ይንጠባጠብለት ጀመር።

በአምስተኛው ቀን ክላይድ፣ "ፓንኬክ አማረኝ፤ ላዩ ላይ የሚፈሰውን ጣፋጭ ሽሮፕ እንዳትሰስቺ" አላት።

በማግስቱ ዶሪስ ጎህ ሲቀድ ብቻዋን ጋጣ ገባች። ጓንቷን አውልቃ፣ ስማቸውን እየጠራች የላሞቹን ጆሮ ዳበሰች። ሁሉም ሞቃት ናቸው። የመጨረሻዋ ላም ጋ ስትደርስ ግን፣ የኦሬል እጅ ስንት ጊዜ የዳበሰውን ያን ሞቃት ጆሮ ቶሎ አልለቀቀችም።