ቶዮታ ያልሆነችው መኪና

«ሴትየዋ መጣች» አለች ጎረቤቷ ሁሪያ፣ የቴምሩን ሳህን ፋዲላ ፊት እያስቀመጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሹክ አለቻት። «ያቺ ጉርድ ሾላ ከባልሽ ጋር ያየኋት። በዚያችው መኪና።»

ባሏ ከማለዲን ከተቀበረ ሳምንት አልሞላውም። ለቀስተኛው «አላህ ይዘንለት» እያለ ሲገባ ሲወጣ፣ ፋዲላ በወጉ ማልቀስ እንኳ አቅቷት ነበር። ሁሪያ በቀብሩ ማግስት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ የነገረቻት ወሬ እንባዋን ይዞባታል።

መጀመሪያ አላመነቻትም። «የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ?» ብላ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። «እንግዲያው የእኔ ባል አይደለም።» ከማለዲን ዕድሜውን ሙሉ በሾፌርነት የኖረው በቶዮታ ነው። ሌላውን ሁሉ ቆርቆሮ ይለዋል። አማቹ ሌላ መኪና ገዝቶ የመጣ ቀን እንኳን ደስ ያለህ በማለት ፈንታ «አይዞህ፣ አላህ ይተካልሃል» ብሎታል።

ግን ሰሞኑን ጠባዩ ተለውጦ ነበር። ስልክ ሲደወልለት ወደ ጓሮ ይሄዳል። አንድ ማታ ደግሞ ወንበር ላይ አስቀምጧት ከጉልበቷ እስከ መሬት በአረንጓዴ ክር ለካት። ምነው ስትለው ሳቅ ብሎ ክሩን ኪሱ ከተተው።

«ትግባ» አለች ፋዲላ።

ሴትየዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። «ያጽናዎት እትዬ። ወንጌል እባላለሁ።»

«ባሌን ከየት ነው የምታውቂው?»

«መኪና እሸጣለሁ። ጋሽ ከማል ዛሬ እርስዎን ይዘው ሊመጡ ቀጥረውኝ ነበር። ቢቀሩብኝ ብደውል ነው መርዶውን የሰማሁት። ያልገቡባት መኪና የለችም። የቶዮታዋንም የሌላዋንም የወንበር ከፍታ በክር ይለኩ ነበር። የእንጦጦን ዳገት ስንቴ አስወጡኝ! "ሚስቴ ጉልበቷን ያማታል፣ እናቷ ጋ ስንሄድ አሮጌው መኪናዬ ላይ ስትወጣ ታቃስታለች" ይሉኛል። ይቺን ደጅ ያቆምኳትን ሲመርጡ ደግሞ "ለማንም እንዳትነግሪ፣ የሰፈር መሳቂያ እሆናለሁ" አሉኝ።»

«እኔ ጋ የተዉት ነው» ብላ ከቦርሳዋ አረንጓዴ ክር አወጣች። ፋዲላ ክሩን ለየችው። ቢሆንም ሻጭ ምን አይል? ጥርጣሬዋ አለቀቃትም።

«መኪናዋን ግቢ አስገቢያት» አለች። ባል የሞተባት ሴት ዒዳዋን እስክትጨርስ ከግቢዋ አትወጣም።

መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ገባች። ሁሪያ እጇን አፏ ላይ ጭና ታያለች። ፋዲላ በሩን ከፍታ በጎን ተቀመጠች። እግሯ አልተንጠለጠለም፣ እሷም አላቃሰተችም። ጫማዋ መሬቱ ላይ ልክክ ብሎ አረፈ።

አንቺ ጠርጣራ፣ አለች በሆዷ። ሰውዬው የዕድሜ ልክ ኩራቱን ለጉልበትሽ ሲል ጥሎት ነበር።

እግሯን ወደ ውስጥ ልታስገባ ስትል ቆም አለች። ከማለዲን «ጫማሽን አራግፊ» ሳይላት መኪና አስገብቷት አያውቅም። ጫማዋን ከጫማዋ እያጋጨች አቧራውን አራገፈች፤ ንጹሕ ከሆነም በኋላ፣ እያለቀሰች፣ ደጋግማ አራገፈች።