ሁሉም ቀን ጾም

"ውሰጂልኝ።" እታገኘሁ የእንቁላሉን ሳህን በክርኗ ወደ ልጇ ገፋችው።

ዓይናለም ሳህኑን መልሳ እናቷ ፊት አስቀመጠች። ማለዳ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር የማታቱ ታክሲ ረዳቶች ተሳፋሪ ይጠራሉ።

"እማዬ፣ ትናንትም አልበላሽም። ከትናንት ወዲያም።"

"እየጾምኩ ነዋ።"

"ትናንት እኮ ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞን ማን ይጾማል?"

እታገኘሁ ጣቶቿን ማየት ጀመረች። "ቀኑ ይጠፋብኛል፣ ልጄ። ረቡዕ ይሁን ዓርብ አላውቅም። ሳላውቅ ከምገድፍ ብዬ ሁሉንም ያዝኩት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እሱንስ በምን ልወቀው?"

ስምንት ዓመት ሙሉ መሃል ከተማ ባለው ምግብ ቤታቸው እናቷን ሌሊት ሌሊት ወጥ ቤት ያቆመቻት ራሷ ዓይናለም ናት። የእታገኘሁን እጅ ብለው እስኪነጋ የሚመጡት ሹፌሮች ገበያ አጓጉቷት ነበር። እናቷ ቀን እየተኛች፣ ባዶ ሆዷ ሲያቃጥላት ዓይናለም ከፋርማሲ እንክብል እየገዛች ታስታግስላት ነበር። አሁን ሥራው ቢቀርም እንቅልፉ አልተመለሰም። እታገኘሁ ሌሊቱን ቁም ሣጥን ስትፈትሽ ታድርና ቀን ታንቀላፋለች።

ጊጊሪ ሰፈር ያለችው ሐኪም ባለፈው ሳምንት "ፖሌ ሳና" ብላ በስዋሂሊ አዘነችላቸው እንጂ ነገሩን አላለዘበችውም። አንጎል ያለ ጊዜው እንዲያረጅ የሌሊት እንቅልፍ ማጣትም የሆድ መታወክም ሳያግዙ አይቀሩም አለች። የሄደው ይመለሳል ብላ ቃል አልገባችም። የቀረውን ለማቆየት ግን ጠዋት በሰዓቱ ይብሉ፣ ፀሐይ ይሙቁ፣ ማታ ይተኙ አለች።

የንስሐ አባታቸውም በስልክ "የታመመ አይጾምም" ብለው ፈቅደው ነበር። እታገኘሁ "እኔ ምኔን አመመኝ?" ብላ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋችው።

"ዛሬስ ቀኑ ምንድን ነው?" አለች አሁን፣ የማክሰኞው ወሬ ከአእምሮዋ ጠፍቶ።

ረቡዕ ነበር። ዓይናለም ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ረቡዕን ገድፋ አታውቅም።

"ሐሙስ።"

እታገኘሁ ልጇን ትክ ብላ አየቻት። "ሐሙስ ከሆነ አንቺም ብዪ።"

"እኔ ምግብ ቤት ስደርስ እበላለሁ።"

"እዚህ ብዪ፣ ልይሽ።"

ዓይናለም ቦርሳዋን አስቀምጣ ወንበር ሳበች። ዳቦውን ቆርሳ እንቁላሉን ጠቀለለችበትና ጎረሰች። እስክትውጥ እናቷ ጉሮሮዋን እያየች ጠበቀቻት።

ከዚያ እታገኘሁ ለጉርሻ አፏን ከፈተች።