ባትሪው ቢላ ጠየቀ

ቄራ ውስጥ የሚጮኸው በሬው ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። በዚያን ቀን ከሁሉ በላይ የጮኸው ባትሪው ነበር።

ስሙን ያወጡለት ቆዳ ገፋፊዎቹ ናቸው። ከልጅነቱ የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ የሰጡት መድኃኒት ሁሉ እምቢ አለው። በመጨረሻ ሐኪሞች ራስ ቅሉን በስተው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ወደ አንጎሉ ሰደዱ፤ በአንገቱ ቆዳ ሥር አውርደውም ደረቱ ውስጥ ከቀበሯት ትንሽ ባትሪ ጋር አገናኟቸው። ባትሪዋ ቀን ከሌት ለአንጎሉ ስስ ምት ትልካለች። በሽታው ጨርሶ አልለቀቀውም፤ ግን በየሳምንቱ ይደፋው የነበረው አሁን ወራት እየዘለለ ነው የሚመጣው።

አሁን የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቢላ። አባቱ እዚሁ አዳራሽ ገፋፊ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ የገፋፊዎቹ አለቃ ነው። እሱ ግን ጢም አውጥቶም ከአንጀት ማጠቢያው ገንዳ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም።

"ጋሼ፣ ዛሬ መንጠቆው ጋ ልቁም። አንድ ቆዳ ብቻ" አለው ወንድሙን።

"ሐኪሙ ስለ ቢላ ምን አለ?"

"'እስቲ እናያለን' አለኝ።"

"እንግዲያው እስቲ እናያለን።"

የእህታቸው ባል ቢላውን ሞረድ ላይ እያፋጨ ጣልቃ ገባ። "ባትሪው፣ መጀመሪያ ቻርጅ አርግ እንጂ! መሀል ላይ ጥፍት ካልክ በሬውን ትተህ እኛን ነው የምትገፈን።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወንድሙም ሳቀ። የባትሪውን ደም ያፈላው ይህ የመጨረሻው ሳቅ ነው።

የአንጀቱን ባልዲ አንስቶ የእህቱ ባል ፊት ላይ ከለበሰ። ሰውየው ዓይኑን ሳይጠርግ ባትሪው በቡጢ አፉን አለው። የሰውየው ጥርስ ወደ ፍሳሹ ተንከባለለ።

"መጣበት! ያዙት!" አለ ወንድሙ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ። አራት ሰው ተረባረበበት። ጭንቅላቱ ከሲሚንቶው ጋር ተላተመ፤ ቀበቶ በጥርሱ መሀል ተሰነቀረ። ሐኪሙ "ሲጥለው አትጫኑት፣ አፉ ውስጥም ምንም አታግቡ" ብሎ ነበር፤ የለመደ እጅ ግን ምክር አይሰማም። የአንዱ ጉልበት ደረቱ ላይ አረፈ። ባትሪዋ ከቆዳው ሥር ስትንሸራተት ተሰማው። "አልመጣብኝም!" ሊል ሞከረ፤ ቀበቶው አፈነው። ቀበቶውን የያዘውን የወንድሙን ጣት በጥርሱ ሲያገኝ አጥንቱ ቀርች እስኪል ነከሰው።

ወንድሙ ጮኾ እጁን ሲያነሳ ባትሪው ቀበቶውን ከደም ጋር ተፋ።

"ነቅቻለሁ! የመታሁት አውቄ ነው። የነከስኩህም አውቄ ነው። በሽታ አይደለም፣ ጋሼ፤ ተናድጄ ነው!"

አራቱም እጃቸውን ሰበሰቡ። ወንድሙ ጎንበስ ብሎ ዓይኖቹን አያቸው። ዕድሜ ልኩን ባዶ ሲሆኑ ያውቃቸው የነበሩት ዓይኖች ዛሬ መልሰው አፈጠጡበት። ካስነሳው በኋላ ባልተነከሰው እጁ አፉ ላይ ቡጢ አቀመሰው።

ባትሪው ከተሰቀለው ሥጋ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ከንፈሩ ተተርትሯል። ከትንሽነቱ ጀምሮ እጁን ያነሳበት ሰው አልነበረም፤ የታመመ አይመታማ። በደም የራሰ ጥርሱን አውጥቶ ሳቀ።

"ድገመኝ።"

"ተነስ ወደዚያ!" ወንድሙ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ የራሱን ቢላ እጀታውን ወደ እሱ አዙሮ ዘረጋለት። "አጠገብህ እቆማለሁ። ጭው ካለብህ ጥለኸው ትቀመጣለህ። ጀግና ነኝ ብትል አንተን ነው የምሰቅልህ።"

"ጥርቴንት?" አለ የእህታቸው ባል በፈረሰ አፉ፣ ፍሳሹ አጠገብ በአራት እግሩ ሆኖ ጥርሱን እየፈለገ።

ባትሪው ቢላውን ተቀበለ። በሌላው እጁ ደረቱ ላይ ቦታዋን የሳተችውን ባትሪ ዳበሰ። ስለቱን በተሰቀለው በሬ ትኩስ ቆዳ ላይ አሳረፈና ወደ ታች ሳበው።