ወደ ድልድዩ ዙሩ

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ቀሚሱ ነው። እናቴ ወይዘሮ የሺዓለም ያለ በዓል አዲስ ልብስ አሰፍታልኝ አታውቅም። በዚያ ሰሞን ግን ሰማያዊ ጨርቅ ገዝታ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ወዳለው ልብስ ሰፊ ራሷ ይዛኝ ሄደች። «ወገቡ ላይ ጠበቅ አድርግላት» ስትለው እየሰማሁ አልጠረጠርኩም። «አስጎብኚ እኮ ነሽ፤ ሰው ፊት ነው የምትቆሚው» አለችኝ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ያ ቀሚስ ለጥምቀት አልነበረም። እዚያው ልብስ ሰፊው ቤት መበጣጠስ ነበረብኝ።

ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ባንኮኒ ላይ ነው የምሠራው። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩት እኔ ደንቁሬ ሳይሆን ዘመኑ ደንቁሮ ነው፤ በዚያ ዓመት ክፍል ውስጥ ከመቀመጥ አልጋ ሥር መደበቅ ይሻል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ሽፋን የሌለውን፣ አጋማሹ የተገነጠለውን፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ሳይቀር። ጣሊያንኛውን ከሽማግሌ ደንበኞች፣ እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት ለቀምኩት። እሑድ ጊዮርጊስ አስቀድሼ ስወጣም ወደ ቤት አልሮጥም። የመንግሥት አስጎብኚዎቹ ሴቶች ፈረንጆቹን አስከትለው እስኪመጡ እጠብቃለሁ። አንዷ እጇን ዘርግታ «ወደዚያ ተመልከቱ» ስትል ያ ሁሉ አንገት አንድ ላይ ይዞራል። ሌላዋ ሴት ባል ትመኝ፤ እኔ የምመኘው ያንን ነበር፤ እጄን ስዘረጋ አንገት ሲዞር ማየት።

እናቴ ይህን ታውቃለች። ስለምታውቅም ነው ወጥመዱ ላይ ያንኑ የሰካችው።

«ከአሰላ ዘመዶቻችን ይመጣሉ» አለችኝ። «ጋሽ መርሻ የሚባሉት ቱሪዝም ውስጥ ትልቅ ሰው ያውቃሉ። እሑድ ታክሲ በኮንትራት ይይዛሉ፤ ቀኑን ሙሉ ታሪካዊ ቦታውን ሁሉ ታሳያቸዋለሽ። ከወደዱሽ ይነግሩልሻል።»

ከወደዱሽ! ስትዋሽ እንኳ እውነቱን ነግራኝ ነበር፤ ያልሰማው የኔ ጆሮ ነው።

እሑድ ጠዋት ሰማያዊና ነጭ ሰይቸንቶ ታክሲ ደጃችን ቆመች። ከኋላ ወይዘሮ አዳነች የሚባሉ ደልደል ያሉ ሴትዮና ወንድማቸው ጋሽ መርሻ ተጣበው ተቀምጠዋል። «አስጎብኚ ከፊት ነው» ብለው ከሾፌሩ አጠገብ አስቀመጡኝ። ሾፌሩ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ሸሚዙ እንደ ወተት የነጣ ሰው ነው። ስሙን ጠየቅሁት።

«ከተማ።»

«እንግዲያው ወደ ጊዮርጊስ፣ ወንድም ከተማ።»

«በየት በኩል ነው?»

የጊዮርጊስ ጉልላት ከደጃችን ይታያል። «ስምህ ከተማ ሆኖ ከተማውን አታውቀውም?» አልኩት።

«አፍም አላት!» አሉ ወይዘሮ አዳነች ከኋላ። ለማን እንደሚናገሩ አልገባኝም።

«በቀኝ ልሂድ እባክሽ?» አለ እሱ። የአራዳ ታክሲ ነጂ «እባክሽ» ሲል እስከዚያ ቀን ሰምቼ አላውቅም። መንገድ ዳር የቆመ ሰው ታክሲ ብሎ እጁን ሲያወጣ፣ ከተማ ሰላም የተባለ መስሎት ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳ። ይህን ሁሉ አይቼ «ባላገር ነው፤ አዲስ መንጃ ፈቃድ ነው» ብዬ አለፍኩት። ሰው ሲመኝ ዓይኑ ይታወራል።

ምኒልክ ሐውልት ሥር ቆምን። ሳምንት ሙሉ መስታወት ፊት የተለማመድኩትን ጀመርኩ። «ጣሊያን በገባ ጊዜ ይህን ሐውልት ከነፈረሱ ነቅሎ ቀበረው። ጣሊያን ወጣ፤ ሐውልቱም ከጉድጓዱ ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። የቀበረው እንጂ የተቀበረው አልጠፋም» ብዬ እጄን ወደ ፈረሱ ዘረጋሁ። አንገት አልዞረም። ሦስቱም እኔን ያያሉ።

«ጥርሶችሽ ሁሉ የራስሽ ናቸው?» አሉ ወይዘሮ አዳነች።

«የማን ይሁኑ እማማ? ከምኒልክ የተዋስኳቸው መሰልዎት?»

ጋሽ መርሻ ሳቁ። ሴትዮዋ አልሳቁም፤ ጥርሴን በደንብ አዩና «ይሁን» አሉ።

ጣይቱ ሆቴል ስንደርስ ደግሞ «እስኪ ደረጃውን ወጣ በዪና ላይ ያለውን ንገሪን፤ እኛ ጉልበት የለንም» አሉኝ። የጣይቱን ሆቴል ታሪክ ወደ ታች እየጮህኩ፣ ያን የእንጨት ደረጃ በአዲስ ቀሚስ ወጣሁ፤ ወረድኩ። «አንድ ጊዜ ድገሚው፤ አልሰማንሽም» አሉኝ። ደገምኩት። ከላይ ሆኜ ሳይ ሴትዮዋ በወንድማቸው ጆሮ ያንሾካሹካሉ፣ ጋሽ መርሻ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከተማ ደግሞ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። አስጎብኚነቴ የጣማቸው መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እኔ ሞኟ!

ከዚያ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድን። ይህን ድልድይ እወደዋለሁ። ቀን ቀን ሁሉም ይረግጠዋል፤ ማንም ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ያለውን የድንጋይ ቅስት አያይም። «ድልድይ ሳይኖር ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ» አልኳቸው «የወዲህ ማዶና የወዲያ ማዶ ሰው ዳርና ዳር ቆሞ ሲተያይ ይውል ነበር አሉ። አሁን ተመልከቱት፣ ከነመኪናው ተሸክሞን ቆሟል።» እጄን ዘረጋሁ። አሁንም ሦስቱም እኔን ያያሉ፤ ወይዘሮ አዳነች በተለይ ወገቤን።

ነገሩ ከነከነኝ። «ጋሽ መርሻ» አልኩ «እንዴት ነው፣ የቱሪዝሙ ሰውዬ ይህን ሁሉ ይጠይቁኝ ይሆን?»

«የምን ቱሪዝም?»

ወይዘሮ አዳነች በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። ክርን ከአፍ ይልቅ ብዙ ይናገራል።

«እርስዎ የሚያውቋቸው ሰው። ሥራ የሚያስገቡኝ።»

«እኔ ልጄ የማውቀው የአሰላ ወፍጮ ቤቴን ነው» አሉ ጋሽ መርሻ፤ እውነትም ግራ ገብቷቸዋል።

«በቃ፣ ምን ይደበቃል» አሉ ወይዘሮ አዳነች ነጠላቸውን እያጣፉ። «አየንሽ፤ ወደድንሽ። ከተማ ልጄ ነው። የመንግሥት እርሻ ሾፌር ነው፤ ታክሲዋን ከአክስቱ ልጅ ተውሶ ነው። ሽማግሎቹ እናትሽ ቤት ተቀምጠው ምሳ ይጠብቃሉ። አሥር ሰዓት ላይ የቀበሌ ስብሰባ አለባቸው፤ ከዚያ በፊት ነገሩ ይለቅ። እኛም ነገ ጎህ ሲቀድ በአውቶቡስ እንመለሳለን። በይ ግቢ፣ እንሂድ።»

ደሜ ወደ ራሴ ወጣ። ቀሚሱ፣ ጥርሱ፣ ደረጃው፣ «አንድ ጊዜ ድገሚው»! ቀኑን ሙሉ ሐውልት የማሳይ መስሎኝ ለካ የምጎበኘው እኔ ነኝ። የገበያ ላም እንኳ ቢያንስ ገበያ መውጣቷን ታውቃለች። ወደ ከተማ ዞርኩ። እሱ ወንዙን ያያል። ድልድዩን ያየው አሁን ገና ነው፣ ዓይኔን ሽሽት።

«አንተስ? አፍ የለህም?»

«እናቶቻችን ናቸው እንዲህ ይሁን ያሉት» አለ። «ሲጠየቁ እሺ አይሉም ብለው።»

«ማን ነው እሺ የማይለው?»

«አንቺ።»

«እሺ እንደማልል ካወቃችሁ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?»

የሸሚዙን እጅጌ ማጠፍ ጀመረ።

ጥያቸው መሄድ እችል ነበር። ግን የት? ቤት ሽማግሎቹ ተቀምጠዋል። ገና ስገባ ተነሥተው ይቆማሉ፤ «አንቀመጥም፣ ልጅሽን ለልጃችን» ይላሉ፤ እናቴ ዓይኗን ታንከራትታለች። በአራዳ ሽማግሌ ፊት እናቴን እንደማላዋርዳት ልቧ ያውቃል። የተማመነችውም በዚያ ነው። ስለዚህ አሥር ሰዓት ሳይሆን እዚያ ቤት መግባት የለብኝም። የቀበሌ ስብሰባ ከቀሩ ደግሞ ሽማግሌ ሆኑ አልሆኑ በቀበሌ የሚታደለው የወሩ ስኳራቸው ቀረ። ሽማግሌ ለሰው ልጅ ጋብቻ ብሎ ስኳሩን አይሰዋም።

«ግቡ» አልኳቸው። ገቡ። «ቀጥ ብለህ ንዳ» አልኩት ከተማን። ቤታችን ወደ ኋላ ነው።

«በዚህ ይመልሳል?»

«መንገድ ሁሉ ይመልሳል።»

አፍንጮ በርን ሽቅብ ወጣን። ሰይቸንቶዋ ታቃስታለች። «ስንመጣ ይሄን ዳገት አላየሁትም» አሉ ወይዘሮ አዳነች። «ሲመጡ የሚያዩት ሌላ ነበር» አልኩ። ስድስት ኪሎ አደባባይ ስንደርስ ሁለቴ ሦስቴ አዞርኩትና አቁም አልኩት።

«ውረዱ። ጉብኝቱ አላለቀም።»

«ልጄ፣ ሽማግሎቹ...»

«ሽማግሎቹ ሐውልት አይደሉም፤ አይጎበኙም። ቀኑን ሙሉ ተብሎ ነው የተቀጠርኩት። ቀኑ አልሞላም።»

«ከተማ፣ ምን አፍህን ከፍተህ ታያለህ፣ ንዳ እንጂ!» አሉ እናቱ።

«በየት በኩል?» አለ ከተማ።

ወረዱ። ከየካቲት 12 ሐውልት ፊት አቆምኳቸው። ሦስቱም እንደለመዱት እኔን ማየት ጀመሩ።

«እኔን አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆመ። «ዙሩ! ወደ ሐውልቱ ዙሩ! ለኔ ዓይን አውጥታችሁ እነዚህ ላይ ዓይናችሁን የምትጨፍኑት ለምንድን ነው?»

ዞሩ። ሦስት አንገት አንድ ላይ ዞረ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ነገር በዚህ ቀን፣ በዚህ ዓይነት ይድረሰኝ? እንባዬ መጣ፤ የንዴት ነው፣ ዋጥኩት። ድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን ሰዎች እያሳየሁ ነገርኳቸው፦ በዚያ የካቲት ፋሺስት ሦስት ቀን ሙሉ በዚህ ከተማ ያደረገውን፣ ቤት ከነሰዉ መቃጠሉን። አላሳጠርኩም። ወይዘሮ አዳነች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ «እነዚህ ሴቶች ናቸው? ያቺ ሕፃን ያቀፈች ናት?» አሉ በቀስታ። ልራራላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። ወዲያው ወደ እግሬ አዩና «ስትሄጂ ግን ትንሽ አታነክሺም?» አሉ። ርኅራኄዬ እዚያው ሞተ።

ወደ ዩኒቨርሲቲው በር ወሰድኳቸው። ዘበኛው የኬክ ቤት ደንበኛዬ ነው፤ አስገባን። ፋሺስቶች የሠሩትን ወደ ሰማይ የሚወጣ ጠመዝማዛ ደረጃ፣ ጫፉ ላይ የተቀመጠውን የኛን አንበሳ አሳየኋቸው። «ለራሳቸው ክብር ደረጃ ሠሩ፤ አንበሳው ወጥቶ ተቀመጠበት» አልኩ። «ሰውን ደረጃ ያስወጣ ሁሉ አይቀመጥበትም፣ እማማ አዳነች።»

«አሁን እኔን ነው የምትነካኪው?»

«አንበሳውን ነው የማሳይዎት። ቀና ይበሉ።»

በእግር፣ በፀሐይ፣ ከአንዱ ዛፍ ወደ አንዱ በር ዞርን። ጋሽ መርሻ ጫማቸውን ፈተው ሣር ላይ ቁጭ አሉ። ከተማ ግን አጠገቤ መጣና «ስለ ድልድዩ የነገርሽን እውነት ነው?» አለኝ።

«ዛሬ ከተነገረው ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነው።»

«መዋሸቱን አልወደድኩትም ነበር።»

«አልወደድከውም፤ ግን ነዳኸው» አልኩት። አቀረቀረ።

ቤንዚኑ ያለቀው ስንመለስ ነው። በኩፖን የተቀዳ ቤንዚን አደባባይ ለመዞር አይበቃም። እስከ ድልድዩ ቁልቁለት ስለሆነ በራሷ ተንከባለለች፤ ከድልድዩ ወደ ፒያሳ ግን ዳገት ነው። ከተማና ጋሽ መርሻ ይገፋሉ፤ ወይዘሮ አዳነች ነጠላቸውን እንደተከናነቡ መሪውን ጨብጠዋል፤ እኔ ከፊት ከፊት እየሄድኩ ግራና ቀኙን አስጎበኛለሁ። የሰፈር ጎረምሶች አጥር ላይ ተደርድረው አጨበጨቡ።

«ኧረ ሙሽራው ይገፋል!»

«ሚዜውስ አርጅቶ የለ እንዴ!»

«ወርቅአፈራሁ!» ብሎ በስሜ ጠራኝ አንዱ፤ «ሠርግ ነው ሰልፍ?»

«ጉብኝት ነው» አልኳቸው። «ዝም ብላችሁ አትዩን፤ ግፉ።» ከጎረምሶቹ ሦስቱ ወርደው ገፉ። ያን ጊዜ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ነዋሪዎችን ሁሉ ለስብሰባ መጥራት ጀመረ። ያንን ድምፅ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት።

እናቴ በር ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ባዶ ወንበር ተደርድሯል፤ ወጡ ቀዝቅዞ ቅባቱ ረግቷል።

«ሽማግሎቹ ሄዱ» አለች። «የት ነበራችሁ?»

ወይዘሮ አዳነች ከታክሲዋ እየተጎተቱ ወጡ። «የሺዓለም» አሉ፣ ወገባቸውን ይዘው «ጥርሷ መልካም ነው። ጉልበቷ መልካም ነው። ግን እኛ የፈለግነው ምራት ነው፤ አንቺ የሰጠሽን አዛዥ ነው። ይቺ ለጦር ሠራዊት እንጂ ለሰው ቤት አትሆንም።» ቀዝቃዛ ውኃ ጠጡና ሄዱ። ከተማ ሲወጣ ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ እኔ በሩን እያየሁ ቆየሁ።

«ጋሽ መርሻ ማንንም አያውቁም» አልኳት እናቴን።

«አያውቁም።»

«ከየት አመጣሽው?»

«ከምላስሽ ነው ያመጣሁት። ማታ ማታ የምታወሪው ሌላ ምን አለ?» አለች፤ እሷም ተቆጥታለች። «ተቀመጪና ይዩሽ ብልሽ ትቀመጪ ነበር?»

«አልቀመጥም።»

«ታዲያ! አባትሽ ሄደ። ነገ እኔም እሄዳለሁ። ለማን ትቼሽ ልሂድ፣ ለድንጋዮችሽ?»

«ባል አግቢ ብትዪኝ እጣላሽና ይበርድልኛል፤ እናቴ ነሽ። ሥራዬን ለምን ነካሽ? ሌላ ውሸት አልነበረሽም?»

እናቴ ሳህን አቅርባ ከዶሮው አወጣችልኝ። ርቦኝ ነበር፤ ርቦኝ ሆዴ ይጮህ ነበር። ለኔ መሸጫ የታረደ ዶሮ አልበላም ብዬ ቆሎ ይዤ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ቀሚሱ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ወንበር ላይ አገኘሁት። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርት ትልጣለች፤ እኔም አላመሰገንኳትም። ወገቡ ላይ ያጠበቁትን ስፌት በመቀስ ፈትቼ ለበስኩትና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ሄድኩ።

ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ማን ልኮሽ ነው?»

«ማንም።»

«የሚያውቅሽ ሰው ውስጥ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

እጄን ዘርግቼ ከኋላው ያለውን በር አሳየሁት። ዞሮ አየ።