የየካ ዳገት ፊሽካ

ያን መንገድ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ከየካ ሚካኤል በላይ ካለው ችግኝ ጣቢያ ተነስቶ፣ በባሕር ዛፉ መሃል እየተጠማዘዘ እስከ እንጦጦ ራጉኤል የሚወጣውን። ዶማ ተሰጠኝ እንጂ ረዳት አልተሰጠኝም። ክረምት ጎርፉ ያፈርሰዋል፣ በጋ መልሼ እደለድለዋለሁ። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። ማንም ስላላለልኝ ነው።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ግድም ቀበሌያችን የእሁድ የእግር ጉዞ ጀመረ። የሕዝብ ስፖርት ተባለ። ሰዓቱ ከቅዳሴ ጋር ገጠመ፤ ሆን ተብሎ ነው የሚሉ ነበሩ፣ እኔ አላልኩም። ሊቀመንበራችን ጓድ ከማለዲን፣ ወደ መገናኛ መውረጃው ላይ ሱቅ የነበረው፣ ሕዝቡን ሰብስቦ፣

"ጓዶች፣ ጉዟችን የሚያበቃው ራጉኤል አይደለም። ራጉኤል አጠገብ ያለው ሜዳ ነው!" አለ።

ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ።

ቀጥሎ መሪ ይሰየም ተባለ። መሪው ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ ሲነፋ ሰዉ ይነሳል፣ ሲነፋ ሰዉ ያርፋል። እኔ የጫማዬን ክር አጥብቄ ቆሜያለሁ። ሌላ ማን ሊሆን ነው?

"ጓድ አባይነህ!" አለ ከማለዲን።

አባይነህ አጥር የምጋራው ጎረቤቴ ነው። ቄስ ትምህርት ቤት አብረን ገባን። ዳዊት ቀድሜ የደገምኩት እኔ ነኝ፤ የኔታ ያመሰገኑት ግን እሱን ነው፣ ድምፁ ያምራል ብለው። አስኳላ ስንገባ አባቴ ሞተና አራተኛ ክፍል ላይ ቀረሁ። እሱ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ቢሮ ገባ። ባለቤቴ ጥሩብርሃን እንኳ እሱ በደጃችን ሲያልፍ፣ "የዚህ ሰው ሰላምታው ብቻ ያጠግባል" ትላለች። እኔ እንደምን ዋልሽ ስላት መልሷ "ምን ፈልገህ ነው?" ነው።

"እሱ መንገዱን መች ያውቀዋል?" አልኩ።

"መንገድ እግር ያውቀዋል" አለኝ ከማለዲን። "መሪ ለሰልፍ ማሳመሪያ ነው። አንተ ጓድ ሣህሌ ጉልበት አለህ፤ ኋላ ሆነህ የደከመውን ሰብስብ።"

"እንደ ከብት ነጂ?"

"እንደ ደጀን!"

ሰዉ ሳቀ። አባይነህም ሳቀ፣ ግን እንደሚያዝን ሰው አድርጎ። እሱ ነው የባሰብኝ። ያን ቀን በልቤ ማልኩ፤ ያ ፊሽካ አንገቴ ላይ ካልዋለ ያ መንገድ የኔ አይደለም።

ከኋላ የሚሄድ ሰው የሚያየው ተረከዝ ነው። ተረከዝና አቧራ። ከፊት ሳቅ ይሰማል፣ ምን እንዳሳቃቸው አይሰማም። ጥሩብርሃን ሁልጊዜ ከፊት ነች፣ ከፊሽካው አጠገብ።

"ከኋላ አቧራ ይበዛል" አለችኝ ስጠይቃት። አቧራውን የሚቅመው ባሏ መሆኑ ትዝ አላላትም።

እንዲህ ስንወጣ ስንወርድ አንድ እሁድ መጣ።

ከዳገቱ አጋማሽ በላይ መንገዱ የሚጠብበት ቦታ አለ። በአንድ በኩል ግድግዳ የሚመስል አፈር፣ በሌላው ገደል። እዚያ ላይ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ከላይ ሲወርዱ ከሰልፋችን ጋር ተገጣጠሙ። ወገባቸው ታጥፎ፣ ጭራሮው ከትከሻቸው ግራና ቀኝ አልፎ፣ መንገዱን ሞልተውታል። በዚህ ተራራ ደንብ አለ። ሸክም ያለበት መንገዱን ይይዛል፤ ባዶ እጁን የሚሄድ ወደ ዳገቱ ወጥቶ ያሳልፋል። ያ ሸክም አንዴ ከወረደ፣ አሸካሚ ካልተገኘ ጀርባ ላይ አይመለስም። ይህን የየካ ሕፃን ያውቀዋል።

አባይነህ ግን ፊሽካውን ነፋ።

"ሰልፍ አይቋረጥ! እናቶች፣ ጥግ ያዙ!"

ሴቶቹ ምን ያድርጉ? ሸክማቸውን አፈሩ ላይ አስደግፈው አወረዱ። ቀበሌው በሙሉ አንድ ሁለት እያለ አለፋቸው።

ከኋላ ሆኜ ሳይ ሆዴ ውስጥ እልል አልኩ። ዛሬ ጉዱ ወጣ! ሰው ሁሉ ምን ዓይነት መሪ እንደሆነ አየው!

ስደርስባቸው ሴቶቹ መንገዱ ዳር ተደርድረው ተቀምጠዋል። የሁሉም ታላቅ እማማ ዘርትሁን ናቸው፤ እሳቸው ዘንድ ጓድም ጌታም የለም።

"አንተ የሰልፉ ጭራ፣ ና አሸክመን" አሉኝ።

"ያስወረዳችሁ አሸክሟችሁ ይሂድ እንጂ!"

"እሱማ ራሱ ነው፣ ሄደ። እኛ የደረሰን ጭራው ነው።"

ተንከትክተው ሳቁ። ቢሆንም አሸከምኩ። በጉልበቴ ደግፌ፣ ገመዱን ደረታቸው ላይ አሳልፌ፣ አንድ በአንድ። ጭራሮው ፊቴን ቧጠጠኝ፣ ወገቤ ተንቋቋ። ሁሉንም አንስቼ የእማማ ዘርትሁን ብቻ ሲቀር ከላይ ሰው እየሮጠ ወረደ።

አባይነህ ነው። ላብ በላብ ሆኖ።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ! ፊሽካ አፌ ላይ ሲሆን ልቤ ይጠፋል። እዚህ በላይ ካለችው መስክ ላይ አሳርፌያቸው መጣሁ" ብሎ ተንበረከከና የመጨረሻዋን ሸክም አነሳ። አንዷን። ያቺኑ አንዷን!

"እደግ! ተመንደግ!" አሉት እማማ ዘርትሁን። "አያችሁ፣ ሰው ያሳደገው!"

ቁልቁል የጀመሩት ሴቶች ሁሉ ከነሸክማቸው ዞረው መረቁት። ያን ሸክም የጫንኩላቸው እኔ!

"እኔስ?" አልኩ።

"አንተማ እዚሁ ነበርክ" አሉኝ።

ሲወርዱ ቆመን አየናቸው። ከዚያ አባይነህ ፊሽካውን ከአንገቱ አወጣ።

"ሣህሌ ወንድሜ፣ ይኸው። ደንቡንም መንገዱንም የምታውቀው አንተ ነህ። አንተ ምራ፣ እኔ ኋላ እሆናለሁ።"

"ምጽዋት መሆኑ ነው?"

"ኧረ ተው! ለከማለዲን ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል።"

ነግሬዋለሁ! የኔን ነገር እንኳ እሱ ነው የሚጨርስልኝ። ብወረውረው ደስ ባለኝ። ግን ስንት እሁድ የተመኘሁት ነው፤ ተቀበልኩ። በምራቁ እርጥብ ነበር። በኮቴ ጠርጌ አንገቴ ላይ አዋልኩት።

መስኳ ላይ ደርሼ ነፋሁ። ሰዉ ቀስ እያለ ተነሳ።

"አባይነህስ?" አለች ጥሩብርሃን።

"ኋላ ነው።"

"እነዚያን ሴቶች ሊያሸክም ወረደ አሉ። ወይ ጨዋነት!"

"ያሸከምኳቸው እኮ እኔ—"

"አንተ ደግሞ!" አለችና ነጠላዋን አስተካከለች። "ሂዱ እናንተ። እኔ እግሬን ደከመኝ፣ ትንሽ ልዘግይ።"

ፊት ሆኜ ወጣሁ። መንገዴ ነው፤ ድንጋዩን ሁሉ በስም አውቀዋለሁ። መሪ ወደ ኋላ አይዞርም ብዬ አልዞርኩም። መጀመሪያ ዱካቸው ከኋላዬ ይሰማ ነበር። አንዱ ጠጠር ገባብኝ አለ፣ አንዱ ውሃ ልጠጣ አለ። ቆየት ብሎ ሳቅ ሰማሁ፣ ከሩቅ። የአባይነህን ድምፅ ለየሁት፤ ዜማ አውጥቶላቸው ይቀበሉታል። ያ የኔታ የወደዱት ድምፅ። ጥሩብርሃንም ትቀበለዋለች። ቤቴ ውስጥ ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም።

ራጉኤል ደጅ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ቄስ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር።

"ልጄ፣ ብቻህን ነው የመጣኸው?"

"መሪ ነኝ፣ አባ።"

ሽቅብ አዩኝ። ከዚያ ባዶውን መንገድ ቁልቁል አዩት።

"የማን?"

ፊሽካውን አፌ ውስጥ ከትቼ ባለ በሌለ ትንፋሼ ነፋሁ። ከታች፣ ከባሕር ዛፉ ውስጥ፣ ዘፈኑ ለአፍታ እንኳ አልተቋረጠም።